ኩናፋ አብልቼ የጠየቅኳቸው

ጥቅምት 12
የዓይን ክሊኒኩን የቀጠሮ መተግበሪያ ሰው ላይ ሞከርን። ዲዛይኑ የኔ ነው። ኩናፋ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛሁ፣ ሻይ በናና ቀዳሁ፣ ሰዉ ተፍታታ። ጎረቤቴ ኡም ሃይሳምም መጡ። የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሯቸውን የሚይዙት በሱ ነው። አንድ ቦታ ጣታቸው ቆመ። "እዚህ ጋ ነው አይደል?" ብዬ አሳየኋቸው። "አዎ ልጄ፣ ሲያምር! እጅሽ ይባረክ።" ሁሉም ወደዱት። አለቃዬ ሙንዚር፣ "ሩላ፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!" አለ።

ኅዳር 3
ኡም ሃይሳምን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ከክሊኒክ ሲመለሱ። ስምዎ የለም ተብለዋል! ቀኑን መርጠው፣ አለቀ ብለው ዘግተውታል። "አረጋግጥ" የሚለውን ቁልፍ ሳይጫኑ ቀርተዋል። ቀጣዩ ወረፋ ጥር ነው። ልጃቸው ሃይሳም ከኩዌት የሚመጣው ግን ታኅሣሥ... በጠራ ዓይን ላየው ነው ሲሉ ነበር። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺስ ያማረ ነው" አሉኝ።

የሳቸው? ያኔ ጣታቸው የቆመው እዚያው ላይ አልነበር? ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ኅዳር 4
ቀኑን እንዲያቀርቡላቸው ክሊኒኩን ለመንኩ። እምቢ። የኡም ሃይሳምን በር ኮቴዬን አጥፍቼ አለፍኩ።

ኅዳር 8
ለሙንዚር ነገርኩት። "ሙከራው ውድቅ ነው።"
"ምን ነካሽ? ሁሉም ወዶት!"
"እንግዳ አድርጌያቸው እንዴት ይጥሉታል? እኔም መስማት የፈለግኩትን ሰማሁ።"
ላፕቶፑን ዘጋ። ከዚያ፣ "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ጠይቂያቸው።"

ኅዳር 9
የኡም ሃይሳምን በር አንኳኳሁ። ሻይ እሳቸው ቀዱ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ።
"ታዲያ ኩናፋሽን በልቼ አያምርም ልበልሽ? ነውር አይደል እንዴ!"
"ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ። ይስደቡኝ።"
ስልኩን ያዙ። እጆቼን ጭኔ ሥር ቀበርኩ፣ ምላሴን ነከስኩ። ቀን መረጡ። "ይኸው፣ አለቀ።" አላለቀም... ሲገባቸው፣ "ይሄ እኮ ሰው ማሞኘት ነው!" ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። አቀርቅሬ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 20
ቁልፉን ቀየርነው። የጥርን ቀጠሮ ኡም ሃይሳም ራሳቸው ያዙ፣ የኔ ጣት ሳይገባ። ግን ሃይሳም ከቀዶ ጥገናው ቀድሞ መጣ። ልጠይቀው ወረድኩ። እናቱ ፊቱን ይዳብሳሉ።
"ሩላ፣ ልጄን እንዴት አየሽው? ለኔ እንደሁ ጥላ ነው የሚታየኝ።"
አምሮበታል ልል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።
"ከስቷል አክስቴ። በጣም ከስቷል።"
ሃይሳም አፈጠጠብኝ። እሳቸው እጄን ያዙ።
"በእጄ አውቄው ነበር። ሌላው ሁሉ አምሮበታል ነው የሚለኝ። በይ ተቀመጪ፣ አብረን እናብላው።"