የእናቴን ፍየል ስለማስመለስ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የሚቀመጡበት ወንበር እንዴት ሰንብታችኋል? እኔ ከወፍጮው አቧራ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ያለ ማንም እርዳታ በገዛ እጄ ነው፤ ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝና። ሁለተኛ የወጣው ጫማ ሰፊ «እኔ ስላንቀላፋሁ ነው» እያለ ቢያስወራም ለቅናት መድኃኒት የለውም ብዬ ትቼዋለሁ።

ጉዳዬ በየሳምንቱ በጋዜጣው መጨረሻ ገጽ ይወጣ የነበረው የጋሼ ጥድፊያ ካርቱን ነው። ጋሼ ጥድፊያ በመጀመሪያው ስዕል አፍንጫው በበር ገብቶ፣ በሁለተኛው ሰውነቱ የሚደርስ፣ የገዛ ፍየሉ የያዘውን ሁሉ ከእጁ ነጥቃ የምትበላበት ሰው ነው። እናቴ ከሕፃንነቷ ጆሮዋ አይሰማም። ቤት ውስጥ ስንስቅ ፊታችንን አይታ፣ ዘግይታ ነው የምትስቀው። በዚህ ካርቱን ብቻ ቀድማን ትስቅ ነበር። ከሰዎቹ አፍ አጠገብ የተጻፈውን በእጅ ምልክት ልነግራት ብዬ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ታቅፌ ማታ ማታ የተመላለስኩት።

ማንበብ በቻልኩ በሳምንቱ ካርቱኑ ጠፋ። ጋዜጣ ሻጩን ብጠይቀው «አልሰማህም እንዴ? ጋሼ ጥድፊያ አልፎለት ቴሌቪዥን ገባ! ድራማው እስኪያልቅ በጋዜጣ እንዳይወጣ ጣቢያው ከልክሏል» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቴሌቪዥኑን ወለወልኩና እማዬን ፊት ለፊት አስቀመጥኳት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥርም ተምሬአለሁ።

1ኛ. ያን መልከ መልካም ተዋናይ ስለመረጡልን እናመሰግናለን። የጋዜጣው ጋሼ ጥድፊያ አፍንጫ ለሦስት ሰው ይተርፍ ነበር፤ የእርስዎ ሰው አፍንጫ ለራሱም አይበቃውም። እህቴ ወዳዋለች። እናቴ ግን «ዋናው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች በእጇ ትጠይቀኛለች።

2ኛ. ጥድፊያ የሚባል ሰው ሶፋ ላይ ተደላድሎ ስለ ልጅነቱ ሐዘን ሲያወራ የሳምንቱ ድራማ አለቀ። እማዬ ከንፈሩን አይታ አይታ፣ ምን እያለ ነው በሚል እጇን አዞረችብኝ። አፈ ቀላጤው እኔም መልሼ እጄን አዞርኩባት፤ እየሰማሁትም ሰውዬው ምን እንዳለ አላወቅኩማ!

3ኛ. ስለ ሳቁም እናመሰግናለን። ማን እንደሚስቅ ሳይታይ እናንተው ስለምትስቁልን ድካም አቅልላችሁልናል።

4ኛ. ፍየሏ እስከ ዛሬ ውጭ ናት። ተዋናዮቹ «መጣች! ወረቀቱን በላችው!» እያሉ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ ይጮኻሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጎልማሳ፣ ጉንፋን ይዞት ነው መሰለኝ፣ «ሜ» ይላል። ለሚሰማ ሰው እሱም ፍየል ነው እንበል። እናቴ ግን አንድ ቀን ተነሥታ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ፈለገቻት። እኔ የወፍጮውን ድንጋይ አስቃለሁ የሚባልልኝ ቀልደኛ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሳቄ አልመጣም።

አለቃዬ «አርፈህ ዱቄትህን ጥረግ፤ ትልቅ ሰው አይነካም» ቢለኝም፣ ማመስገን መንካት ስላልሆነ ልመናዬን እቀጥላለሁ። ድራማው ይቁም አልልም፤ እህቴ ቤት አታስገባኝም። ካርቱኑን ብቻ ለጋዜጣው ይልቀቁልን። እንደ ድሮው አፍንጫው ይግባ፣ ፍየሏም ትምጣ፤ እማዬም ከእኛ ቀድማ ትሳቅ። ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ፊርማ ነው፤ መፈረም ካስቸገረዎ የማታ ትምህርት ምዝገባ አሁንም ክፍት ነው።

ዕድሜዎን እንደ ድራማዎ ያርዝመው፤ ጨዋታዎን ግን እንደ እሱ አያድርገው እያልኩ፣ ወገቤ ያጎነበሰው ከአክብሮት ይሁን ከጆንያ ሳይታወቅ እጅ እነሣለሁ።

የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፣ የማታ ትምህርት አንደኛ፣ የእናቱ አስተርጓሚ የነበረና በእርስዎ ቸርነት ሥራ የፈታ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስጽፍ እናቴ በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል የራሷን ካርቱን መሳል ጀምራለች። ሆዱ ቀድሞት ቢሮ የሚገባ፣ ሲነሣ ወንበሩ አብሮት የሚነሣ አንድ ኃላፊ ነው። እርስዎን አይታዎት አታውቅም፤ ነገር ግን የጣቢያችሁ ሾፌር ሊያስፈጭ መጥቶ፣ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ሲያየው ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይስቃል። ኃላፊው የሚናገረውን እኔ እንድጽፍ ስለታዘዝኩ ከአፉ አጠገብ ያለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ መልስዎ እንደደረሰኝ ቃል በቃል እሞላዋለሁ።