የተደፋው አደይ

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጎንሽስ ተሻለሽ፣ ልጅቱስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ፊደሉ ቢጣመም አትሳቂብኝ፣ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፣ ደግሞ የቡሬው ሚኒባስ ሊነሳ ነው። ስልክሽን የሚያነሳው ባልሽ ስለሆነ ነው መጻፌ።

የሩፋኤል ለት ቡሬ መጥቼ ፊትሽ አብጦ ጎንሽን ይዘሽ ባይሽ ላም ረገጠችኝ አልሽኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ ነው ላም እንደሌላችሁ ትዝ ያለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ዛሬ የአበባ ተራ ትልቁ ቀን ነው፣ ነገ እንቁጣጣሽ አይደል፣ ከማንኩሳ አደዩንና ቄጤማውን ተሸክመን ፍኖተ ሰላም ገባን። ባልሽ ገነነም እንደ ልማዱ በአይሱዙ መጣ፣ ለቡሬ ቸርቻሪ ሁሉ አበባ የማደርሰው እኔ ነኝ እያለ። ስቆ እህትሽ ሰላም ብላሻለች አለኝ። ያ ሳቁ ነው ጉድ ያደረገኝ፣ ነዶዬን ገልብጬ አበባውን መሬት ላይ ደፋሁት።

ወጉን ታውቂዋለሽ፣ እናታችን ስትነግረን ነው ያደግነው። ሴት የበደለ ነጋዴ ሲመጣ አበባ ይደፋበታል፣ የተደፋበት ከተራው አንዲት ዘለላ አይገዛም። ግን የተራዋ ታላቅ ካልደፋች ሌላው አይደፋም፣ እኔ ተቻኩዬ ቀደምኩ። ታላቋ ደግሞ እማማ ወለተ ኢየሱስ ናቸው፣ የገነነ የገዛ እናት። ሴቱ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ገነነ ይቺ እብድ ናት እንዴ አለ።

ለምን ደፋሽ ልጄ አሉኝ። ላም እህቴን ረግጣት ነው አልኳቸው፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ልጃቸውን አዩት፣ እሱ መሬት አየ። ከዚያ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን አሳዩኝ፣ ጫፉ የለም፣ ይሄ የአባቱ ሥራ ነው አሉ። ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ነዶ ደፉት። ከዚያማ ተራው ሁሉ ደፋው። ገነነ አበባችሁን ምን ነካው ቢል፣ ያቺ ነገረኛዋ ደስታነሽ ላም ረግጣው ነው የኔ ጌታ አለችው፣ ሴቱ አሽካካ። ፊቱ አመድ ሲመስል አልዋሽሽም እታለም፣ ከጾም መፍቻ ዶሮ ይበልጥ ጣፈጠኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ገና አልጠገብኩም።

ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው። የተደፋውን አንስታ ክልከላውን ማስቀረት የምትችለው የተበደለችዋ ብቻ ናት፣ ይሄን በንዴት ረስቼው ነበር። ጎትቼ አመጣታለሁ፣ በገዛ እጇ ታነሳዋለች ብሎ ፎከረ። የኔን ቂም ስወጣ አንቺን አስያዝኩሽ። ለጊዜው ባዶውን አይሱዙ ታቅፎ እዚሁ ቆሟል፣ ሾፌሩ ወንዳወቅ ሁለቱም የኋላ ጎማ ተንፍሷል ብሎታል። ማን እንዳስተነፈሰው አልጽፍልሽም፣ ሰፌድ የምሰፋበት ወስፌዬ ግን ጫፉ ተሰብሯል።

ስለዚህ ልጅቱን አዝለሽ ውጪ። ልብስ አትልቀሚ። እናታችን ጋም እንዳትሄጂ፣ መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነው። የት እንደምትሄጂ አልጽፍም፣ ወረቀቱ እሱ እጅ ቢገባስ። የሚወስድሽ ሰው ያውቀዋል።

አደዩ እንደተደፋ ይበስብስ፣ እጅሽ እንዳይነካው፣ ሽማግሌ ቢልክም፣ ቢያለቅስም። ሩፋኤል መንገድሽን ይጥረግልሽ፣ አዲሱን ዓመት በሙሉ ጎን ያቁምሽ። ለሱ የሚመኝለት ሌላ ሰው ይፈልግ።

ይህን ወረቀት የሰጡሽን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ወልጄዋለሁ፣ አልፈራውም ብለው ነው እኔ ላድርሰው ያሉኝ። አማትሽ ናቸው ብለሽ ተቀመጡ አትበያቸው፣ ውሃም አትስጫቸው፣ ተከትለሻቸው ውጪ።

ታናሽሽ