ድምፅ የሌላት መነኩሲት

ለክቡር ዶክተር ኦታቪዮ ካልዲራን
የኦፔራ ቤታችን የበላይ ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በደህና እንቅልፍና በጥሩ የምግብ ፍላጎት ላይ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የኅብረ ዘፋኞቹ አባላት፣ የቀረነው ማለቴ ነው፣ በእርስዎ ቸርነት በሕይወት አለን። ስሜ ኒቬስ ቱርኬቶ ይባላል፤ በወፍራም ድምፅ ሴቶች ረድፍ የምቆም ነኝ። ደረጃው ላይ ብዙ ጊዜ ተላልፈናል፤ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ስለሚሆኑ ሰላምታዬን ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናል። ጉዳዬን በቢሮዎ በኩል ለማቅረብ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ ቀጠሮ ሲከለክሉኝ ግን በጋዜጣ እንድጽፍልዎ የመከሩኝ መስሎ ተሰማኝ።

አንደኛ፣ ስለ ታሪካችን አመሰግንዎታለሁ። ለዘንድሮው መክፈቻ ባሳተሙት ቆንጆ መጽሔት ላይ የቤቱ ታሪክ በሁለት ገጽ ተጽፎ አነበብኩ። የእህል ነጋዴዎች እንዳሠሩት፣ በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው በቦምብ እንደተመታ፣ ከዚያም እርስዎ እንደመጡ ይናገራል። በቦምቡና በእርስዎ መካከል ያለው ዘመን ለቦታ ጥበት ሲባል ተዘሏል። በዚያ መካከል ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ካፖርት ደርበው የዘፈኑ ሰዎች ነበሩ። በጋ ሲሆን ደግሞ ከነመጋረጃቸው በጭነት መኪና ተጭነው በየመንደሩ አደባባይ ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ ኦፔራ ያሳዩ ነበር። ከእነሱ አንዷ የረድፍ ጓደኛዬ የዴሊያ ማራንጎን እናት ነበሩ። ልጃቸውን ጡት ያጠቡት በዚያ መኪና ላይ ነው። ዴሊያም ስታድግ እናቷ በቆሙበት ረድፍ ቆመች፤ ሌላ ቤት አታውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ እኩልነት አመሰግንዎታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዴሊያን ክፉ ትኩሳት ያዛትና ቀኝ ጆሮዋን ይዞባት ሄደ፤ የግራውንም ግማሹን ብቻ ተወላት። የመስሚያ መሣሪያ ገዛች፤ መሣሪያው ወሬ ያሰማታል፣ ዜማ ሲሆን ግን ፒያኖውን እንደ ቆርቆሮ ያንኳኳባታል። ስለዚህ ወደ መድረክ ስንወጣ ታወልቀው ነበር። እኔ ከግራዋ እቆማለሁ፤ ትከሻችን ይነካካል። ትንፋሽ ስስብ ትስባለች፤ የድምፄን መውጣትና መውረድ ከአጥንቴ ትወስዳለች። ይህን የምናውቀው እሷ፣ እኔና አሠልጣኛችን ማኤስትሮ ፒንቶን ብቻ ነበርን። አንድ ቀን ልምምዱን አቁሞ «እናንተ ሁለታችሁ ስትዘፍኑ አንዲት ሴትዮ ትመስሉኛላችሁ» አለን። በዚያ ቤት ከተነገረኝ መልካም ቃል ሁሉ እሱን እወዳለሁ።

እርስዎ ቤቱን ለማደስ ሲነሱ ሁላችንም ከመጋረጃ ጀርባ ለየብቻችን እንድንፈተን አዘዙ። ፈታኞቹ ከሌላ ከተማ የመጡ በመሆናቸው ማንንም እንደማያውቁ፣ ማንንም ስለማያውቁም ማንንም እንደማይበድሉ አስረዱን። ዴሊያ ቢሮዎ ገብታ ችግሯን ነገረችዎ፤ ዝም ብዬም ቢሆን አጠገቧ እንድቆምላት ለመነች። «ለአንዷ ካደረግሁ ለሁሉም ላደርግ ነው» ብለው መለሱላት። እኛ ይህን ያህል ፍትሕ ለምደን ስለማናውቅ ትንሽ አደናገረን።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ቁጥሩን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

በፈተናው ቀን ተራዬን ስጠብቅ በሩ ሥር ነበርኩ። ዴሊያ ጥሩ ጀመረች። ቀስ በቀስ ግን ድምፅዋ ከፒያኖው ሥር መውረድ ያዘ፤ ጥቂት ነው፣ ለፈታኝ ጆሮ ግን በቂ ነው። ፈታኞቹ «ይበቃል» ለማለት ደወል ደወሉ፤ ፒያኖውም ቆመ። እሷ ቀጠለች። ደግመው ደወሉ፤ ቀጠለች። በመጨረሻ መጋረጃውን ገለጡት። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና ትዘፍን ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ገብቼ ክንዷን ያዝኳት።

«ጨረስኩ?» አለችኝ።

«ጨርሰሻል።»

«እስከ መጨረሻው ሰሙኝ?»

«ሰምተውሻል» አልኳት። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

የዴሊያ ስም የሌለበት ውጤት በተለጠፈ ቀን ወደቡ አጠገብ ባለችው ወይን ቤት ተሰበሰብን። ሳርዲንና ወይን ቀረበ፤ የበላ ግን አልነበረም። ወንዶቹ በመክፈቻው ምሽት አፋችንን ዘግተን እንቁም አሉ፤ ሴቶቹም ተስማማን። ይህን የሰሙት እርስዎ በማግስቱ ወደ ልምምድ ክፍል ብቅ ብለው፣ ፈቃደኛ ካልሆንን የተቀዳ ድምፅ እንደተዘጋጀ በፈገግታ ነገሩን። ማኤስትሮ ፒንቶን ፒያኖውን ከፈተ። ከዚያ «በሉ፣ ከመጀመሪያው» አለ። ከመጀመሪያው ዘፈንን።

ቸርነትዎ ግን በዚህ አላበቃም። ዴሊያን አስጠርተው ከቤተሰብ እንደማትለይ፣ በመክፈቻው ኦፔራ የመነኮሳት ትዕይንት ልብሰ ምንኩስና ለብሳ ሻማ ይዛ እንደምትቆም፣ ብቻ እንዳትዘፍን ነገሯት። እኔ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ልብሱን እኮ አውቀዋለሁ፤ እናቴም ለብሳዋለች» አለችኝና አጠበበችው፤ ከስታ ነበር።

የመክፈቻው ምሽት ከረድፉ ግራ ጫፍ አቆሟት፤ የሞተው ጆሮዋ ወደ እኛ ሆነ። ትዕይንቱ ሲያልቅ መነኮሳቱ እየዘፈንን በስተቀኝ መውጣት አለብን። እሷ ወደ አዳራሹ እንጂ ወደ እኛ አታይም ነበር። ወጣን። ዞር ስል ባዶው መድረክ ላይ ብቻዋን ሻማዋን ይዛ ቆማለች። መብራቱ ጠፋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔ ልብስ መለወጫው ክፍል ሳገኛት የምንኩስና ቆቡን እያወለቀች ነበር። ከግራዋ ተቀመጥኩ።

«መሄዳችሁን አላወቅሁም» አለችኝ። «አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ትከሻሽ ይነግረኝ ነበር።»

እሷ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ጋዜጦቹ «ተጥላ የቀረችው መነኩሲት» የዓመቱ ድንቅ ሐሳብ ናት ብለው ጻፉ። እርስዎም ሐሳቡ የቤቱ አዲስ መንፈስ ነው ብለው ለጠየቀዎት ሁሉ ተናገሩ፤ በየምሽቱም እንዲደገም አዘዙ። እነሆ ሁልጊዜ በትእዛዝ ጥለናት እንወጣለን። አሁን ግን እያወቀች ነው የምትቆመው። ማኤስትሮ ፒንቶን ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር ወይን አይጠጣም፤ ጡረታውን ጠይቋል።

ክቡርነትዎ፣ ይህን የጻፍኩት ነገሩ ይስተካከላል ብዬ አይደለም። ኅብረ ዘፋኞቹ በሚቀጥለው ዓመት በግማሽ እንደሚቀነሱ ሰምተናል፤ ማንም የሚቃወም አይመስለኝም፣ እኔም ጉልበቱ የለኝም። ቢያንስ ሐሳቡ የእርስዎ እንዳልነበረ፣ ድንቁን ያመጣው የአንዲት ሴት ጆሮ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ፍትሕዎና ስለ ፈገግታዎ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ስልክዎም እንዳይዘጋ እየተመኘሁ፣ ቀጣዩ መጋረጃ እስኪገለጥብኝ ድረስ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኒቬስ ቱርኬቶ
ከሁለተኛው ረድፍ፣ በስተቀኟ ማንም የማይቆም

ተጨማሪ፦ ዴሊያ በሚመጣው ዓመት በሚቀርበው ኦፔራ ውስጥ መነኮሳት ይኖሩ እንደሆነ እንድጠይቅላት ነግራኝ ነበር። ጠይቄያለሁ፤ የሉም። ይህን እኔ ልነግራት አልቻልኩምና እባክዎ እርስዎ ይንገሯት፤ በግራዋ በኩል ጠጋ ብለው፣ ጮክ ብለው፣ ሁለት ጊዜ መናገር እንዳለብዎ ግን አይርሱ።