«መብራቶች መጡ» ያልኩ ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ዘንድሮ ክረምቱን እንዴት ያዘው? እንደ አምናው አስቸገረሽ ወይስ ራራልሽ? አባባስ ያ ሳል ለቀቀው? ላሚቱስ ወለደች ወይስ እንደ ልጅሽ እንደ ዲቦራ ታስጠብቃችኋለች? እኔ ከናፍቆታችሁና ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዲቦራም ደህና ናት። ይህን ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ ጠዋት አብረን ቁርስ በልተናል፣ ከእኔ ድርሻም ቀምታኛለች። አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ወደ ታች ሲነበብልሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። ገና «ሃሎ» ስል «ምን ሆንክ?» ትይኛለሽ። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገር በምትገባው በሙንተሀ እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። አሰገደች፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና፣ እባክሽ እህቴ የሚያስጨንቀውን እየዘለልሽ አታንብቢላት። እማዬ መዝለልሽን ከፊትሽ ታውቀዋለች።

እንደምታውቂው እዚህ ኩዌት፣ ሚርቃብ በሚባል ሰፈር ባለው የመብራት ኩባንያ ቢሮ ሻይ አፈላለሁ፣ ወለል አጸዳለሁ። ዘንድሮ ቢሮው አዲስ ክፍል ከፍቷል። ስሙ «ዘላቂነትና ማኅበራዊ ኃላፊነት» ይባላል። ጠይቄ እንደገባኝ መብራቱ እንዳይባክን፣ አየሩ እንዳይበከል፣ አቅም የሌለውም ሰው እንዳይረሳ ማለት ነው። መግቢያው አዳራሽ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የያዘ እጅ የተሳለበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። በዚሁ ምክንያት የወረቀት ኩባያ ቀርቶ ሁሉም በብርጭቆ ይጠጣ ተባለ። ብርጭቆውን ማን እንደሚያጥበው ግን በስብሰባው አልተነሳም።

እዚያ ክፍል መሐንዲስ ኢብራሂም የሚባል ግብፃዊ አለ። ስኳር ያበዛል፣ ሻይ ያቀረበለትን ሰው ግን ቀና ብሎ ያያል። አንድ ቀን የት እንደምኖር ጠየቀኝ። ኸይጣን አልኩት። መብራታችሁስ እንዴት ነው አለኝ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ሁሉን ዘረገፍኩለት። ሕንፃችን ከላይ እስከ ታች አበሻ እንደሆነ፣ አራቱም ፎቅ በአንድ አሮጌ መስመር እንደሚኖር፣ ባለቤቱ ክፍሎቹን በስስ ጣውላ እየከፋፈለ እንዳበዛቸው ነገርኩት። ሁላችን ኤሲ አንድ ላይ ከከፈትን ሽቦው ስለሚግል ተራ አውጥተናል፤ ከላይ ያሉት ጠዋት፣ ከታች ያሉት ከሰዓት ይከፍታሉ። ተራውን የሚያስከብረው የሺጥላ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ስለሆነ ማስከበር ይወዳል። መሐንዲሱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ቆይቼ ስሰማ አዲሱ ክፍል የመጀመሪያ ጉብኝቱን እኛ ሕንፃ ሊያደርግ ነው፤ ለየክፍሉ መብራት የማይበላ አምፖል ሊያድል፣ ፎቶም ሊያስነሳ።

የመጡበት ቀን ጠዋት የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። በዚህ ሙቀት አገሩ ሁሉ ኤሲ ስለሚከፍት ሰሞኑን ሰፈር በሰፈር በየተራ ያጠፋሉ። አንቺ እንዳስተማርሽን መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከሶኬት ይነቀላል፤ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ዕቃ ያቃጥላልና። እዚህ ሌላው ሰው ይስቅብናል፣ እኛ ግን ያደግንበት ነውና ሕንፃው በሙሉ ነቅሎ ተቀመጠ። ከዚያ መብራቱ ተመልሶ ኖሯል፣ ማንም አላወቀም። ቀን ነው፣ የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ከርሟል፣ የተሰካ ነገርም የለም።

እኔ ከእንግዶቹ ጋር በመኪናቸው ነበር የመጣሁት። ፎቶ አንሺ ይዘዋል፣ ሙዲሩም፣ ማለት የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ ራሱ መጥቷል። ሴቶቹ በቤት ልብስ፣ ወንዶቹ በካኒቴራ ከሙቀቱ ሸሽተው ደረጃው ላይ እንደተዘረጉ ትዝ አለኝና ቀድሜያቸው ሮጥኩ። ከታች ሆኜ «መብራቶች መጡ!» ብዬ ጮኽኩ። የመብራት ሰዎች መጡ፣ ልብሳችሁን ልበሱ ማለቴ ነበር። አንደኛ ፎቅ ያለው አወል ተቀብሎ ወደ ላይ ሲያሻግረው «መብራት መጣ!» ሆነ። አበሻ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ላይኛው ፎቅ እልል አለ። የየሺጥላ ተራ ተረሳና ከላይ እስከ ታች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰካ።

እንግዶቹ ገና ከበሩ ሲገቡ ከደረጃው ሥር ያለው የቆጣሪ ሳጥን ጢዝ አለ፣ ከዚያ ጨሰ፣ ከዚያ ነደደ። እማዬ፣ ዲቦራ ሦስተኛ ፎቅ ነበረች። መውረጃው ያው አንድ ደረጃ ነው፣ እሳቱም ያለው እሱ ሥር ነው። ያን ጊዜ ስሟን እየጠራሁ የጮኽኩትን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። መሐንዲሱ ዋናውን ማብሪያ ቁልቁል መትቶ ከመኪናው ባመጣው ማጥፊያ እሳቱን አጠፋው። ሰው አልተጎዳም። የአንዲት እናት ጸሎት ደርሶልናል ብዬ አምናለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም፣ ትኮሪያለሽ።

ጭሱ ሲቀንስ መሐንዲሱ ምን ብለህ ነው የጮኽከው አለኝ። አስረዳሁት። «አምፖሉም፣ ኃይሉም፣ ሠራተኛውም በእናንተ ቋንቋ ስማቸው አንድ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሊስቅ ጀምሮ ዲቦራ ሆዷን ይዛ ስትወርድ ሲያይ ተወው። ከዚያ ሽቦው በሙሉ ሳይቀየር ለዚህ ሕንፃ መብራት አይቀጠልም አለ። እውነቱን ነው። አምፖሎቹ ከነካርቶናቸው ራይ በሚባል ሰፈር ወዳለው መጋዘን ተመለሱ።

ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤቱ ሽቦው የኩባንያው ነው ይላል፣ ኩባንያው ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው ይላል። እኛ መሐል ላይ እንደ ሽሮ ተንተከተክን። የሺጥላ «መብራት አመጣለሁ ብለህ ያለውንም አጠፋህብን» አለኝ። የዲቦራ ወር ገብቷል። ሐኪሟ ግፊቷ ከፍ ስላለ ሙቀት እንዳይነካት አስጠንቅቋታል፣ እግሯም አብጧል። ባሏ ፀጋአብ ከከተማ ርቆ እርሻ ቦታ ሹፌር ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው የሚመጣው። ለማደሪያ ሌላ ሕንፃ የምትኖረው ርሆቦት፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ፣ አልጋዋን አካፍላታለች። ቀን ቀን ግን አልጋው ሌሊት የሚሠሩት ሴቶች ነው፤ ሲነጋ መነሣት አለባት። ሁለት ቀን የሕንፃችን ደረጃ ላይ በእርጥብ ፎጣ ራሷን እያቀዘቀዘች ዋለች። በሁለተኛው ቀን ስጠራት ቶሎ አልመለሰችልኝም።

እኔም በማግስቱ የምፈራውን አደረግኩ። ይዣት ሚርቃብ ሄድኩና አዳራሹ ውስጥ ካለው የእንግዳ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ልክ ከአረንጓዴው ቅጠል ሥር። ቤቱ ብርድ ብርድ ይላል። ማን አስገባት ቢባል ሥራዬ ያልቃል፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው። እሷ ግን የአክስቷ ቤት የመጣች ይመስል ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። ሙዲሩ ሲያልፍ አያትና ቆመ። ምን ፈልገሽ ነው አላት። ዲቦራ ሰው ቤት ስትሠራ የተማረችው ዓረብኛ ከእኔ ይበልጣል።

«ኸይጣን የጠፋው መብራት እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው» አለችው።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ሆኖም ወረፋ የያዙት ደንበኞች ሁሉ ዞሩ። ሙዲሩ ሆዷን አየ፣ ከራሷ በላይ የተሰቀለውን ሥዕል አየ፣ ወደ ላይም ወጣ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ትሪዬን ይዤ ወደ ሻይ ማፍያዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ መሐንዲስ ኢብራሂም ወርዶ የአምፖሉ እደላ እንደቀረ፣ በምትኩ የሕንፃው ሽቦ በማኅበራዊ ኃላፊነቱ ሥራ እንደሚቀየር ነገረኝ። እንደ መርዶ ነጋሪ በሹክሹክታ ነበር የነገረኝ፤ እሱም ሳይሰጋ አልቀረም።

አሁን ሠራተኞቹ ገብተዋል። ከታች ያሉት ሁለቱ ፎቆች አልቀዋል። የቀሩት ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ያልቃሉ ይላሉ፤ እኔ እንደሆንኩ የመብራት ሰው ቀጠሮ ከአገር ቤት ጀምሮ አላምንም። ባለቤቱ ደግሞ ሽቦው አዲስ ከሆነ በኋላ ሁላችሁንም አስወጥቼ ለሌላ አከራያለሁ እያለ ያስወራል። ሙዲሩ ሻዩን ከእጄ ይቀበላል፣ ፊቴን ግን አያይም። ዲቦራን ማንም ውጪ አላላትም፣ ማንም ግቢም አላላትም፤ በየጠዋቱ የመሥሪያ ቤቱን በር የምናልፈው እየሰጋን ነው። ከሁሉ የምፈራው ምጡ ቢሮው ሲዘጋ በምትቀመጥበት በሕንፃችን ደረጃ ላይ እንዳይመጣባት ነው። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፣ እሷም ለእኔ አልነገረችኝም፣ ሁለታችንም ግን እናውቃለን።

የሺጥላ ታርቆኛል። ልጁ ሲወለድ ስሙን መብራቱ በሉት ብሎ ሲቀልድ፣ ዲቦራ «በጠራሁት ቁጥር ሕንፃው ኤሲ ሊሰካብኝ ነው?» አለችና ከስንት ቀን በኋላ ሳቅን። አዲስ ሕግም አውጥተናል። ኃይሉ ሲለቀቅ ማንም አይጮህም። እኔ ከታች ጀምሬ በር በር እያንኳኳሁ በጆሮ ነው የምነግራቸው። የሺጥላ ሰልፉን ያስከብር እንጂ የዲቦራን በር አስቀድማለሁ፤ ይህን ሳልነግረው ወስኛለሁ።

አባባን ጉልበቱን ሳሙልኝ፣ ያን ጋቢ ሳይለብስ ደጅ እንዳይቀመጥ ንገሩት። አሰገደች እህቴ፣ አንቺንና ባልሽን ሰላም ብያለሁ። ትንሿን ሶሊያናን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አጎትሽ ልብስ ሳይሆን ደብተር ነው የላከልሽ ብትያት እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ ልብሱ ከሥር አለ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሻሼ ሰላምታዬ ይድረስ፣ የዲቦራን ነገር በስለት ያዙልን። እማዬ፣ አንቺ በእመቤታችን ስም አጥብቀሽ ጸልዪ። ሰሞኑን ደውዬ ትንፋሼ እየተቆራረጠ «መጣ» ካልኩሽ፣ እልል ከማለትሽ በፊት የትኛው እንደመጣ ጠይቂኝ፣ መብራቱ ወይስ ልጁ።

የሚወድሽ ልጅሽ ወርቅነህ
ኸይጣን፣ ኩዌት
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.