በስሜ የተመረመረችው የማርቆስ መኪና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3 ቀን 1959

ዛሬም ማርቆስ ደጄ ላይ ሲደርስ የመኪናውን ክላክስ ነፋ። ሁለት ጊዜ። ለሰላምታ ነው ይላል፤ እኔን ለማቃጠል እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እሺ፣ እሱ ላያውቅ ይችላል። እኔ አውቃለሁ።

ማርቆስና እኔ ሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው። አሁን እሱ አስተማሪ ነው፣ እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። መኪናዋ እስካለፈው ሰኔ የኔ ነበረች። ትንሽ ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ ብድግ ብሎ የሚከፈት። እኔም ስገዛት አሮጌ ነበረች። ሁለት ዓመት አከታትላ ዓመታዊውን ምርመራ ወደቀችብኝ፤ አንዴ በፍሬን፣ አንዴ በመብራት። መርማሪው ሰው ፊት «ይቺማ የዶሮ ማመላለሻ ናት» ሲለኝ የምርመራው ሜዳ ሙሉ ሳቀ። ተናድጄ ለማርቆስ ሸጥኳት።

እሱ ምን አደረገ? ሰማያዊ ቀባት። ወንበሯን አዲስ ጨርቅ አለበሰ። መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ሁሉን በየተራ አሠራ። አሁን ሕፃን ሳይቀር «የማርቆስ መኪና» ይላታል። እንዴት እንደምታምር! ይሄን ለራሴ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ መርማሪው ከጠቅላይ ግዛቱ ይመጣል። እንድትወድቅ እፈልጋለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ግን እፈልጋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 4

ከጸሎት ቤት ስወጣ ከዚያች መኪና ማን ወረደ? እናቴ!

ማርቆስ ትናንት ዘመዶቹን ሊጠይቅ እናቴ ወዳለችበት ወደ ቢጠና ወርዶ ነበር። ዓይኗን እንዳመማት ሲሰማ «ኦቶና ሆስፒታል ላድርስሽ» ብሎ ይዟት መጣ። እኔ በጭነት መኪና ሄጄ ላመጣት አስቤ ነበር። ማሰብ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን አስቤ ነበር።

ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው። «ጦሳይ ኔና አንጆ፣ እግዜር ይባርክህ» እያለች ሰው ሁሉ እየሰማ መረቀችው። ካመጣችው የቦይና ጎደሬ ግማሹን ለሱ ሰጠች። የዳጣ በርበሬውንማ በሙሉ! የወለደችኝ እኔ ባዶ እጄን ቆሜ።

ሰኞ፣ ኅዳር 5

የምርመራ ሳምንት ሲደርስ ሶዶ ውስጥ ባለመኪና ሁሉ ይዋዋሳል። ከአንዱ ክሪክ፣ ከአንዱ አምፖል፣ ከሌላው ጎማ። አንዱ ሲያልፍ ዕቃው ተፈትቶ ለቀጣዩ ይሄዳል። መርማሪው አንዱን ጎማ በቀን አራት ጊዜ የሚያይ ይመስለኛል። በዚህ ሳምንት «የለኝም» ማለት ነውር ነው።

መኪናዋን ለማርቆስ ስሸጥለት ስኮርታ ጎማዋን፣ መጠባበቂያዋን፣ አስቀርቼበት ነበር። አመሻሽ ላይ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት መጣ።

«ለአንድ ቀን ብቻ፣ ጴጥሮስ።»

«ለሰው ሰጥቼዋለሁ» አልኩት።

«ምንም አይደል፣ ሌላ እፈልጋለሁ» ብሎ ስቆ ሄደ። አስቴር፣ ባለቤቴ፣ ከጓዳ ወጥታ አፈጠጠችብኝ። «ታዲያ ያቺ ዶሮ የታቀፈችበት ጎማ ምንድን ነው?» አለችኝ። ራት በላሁ፣ አልጣመኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼባት የመሪዋ ዘንግ ተሰበረ። አዲስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አላስቻለኝም፤ የብረት አልጋ የሚሠራ በያጅ በየደልኝ። ብየዳው እንዳይታይ በግራሶ ለቀለቅኩት፣ በላዩ አፈር በተንኩበት። ለማርቆስ ስሸጥለት ትንፍሽ አላልኩም።

መርማሪው ካየው ትወድቃለች። እሰይ። ግን ማን እንደደበቀው ማርቆስ ያውቃል። ካላየው ደግሞ ታልፋለች፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ክላክስ ይነፋብኛል። በሁለቱም በኩል የሚቃጠለው እኔ!

እናቴስ? የዓይን ሕክምናዋ ነገ ያልቃል። ሐሙስ ከምርመራው በኋላ እሱ ነው የሚመልሳት። ያ ሁሉ ቁልቁለት። ዘንጉ ሁለት ዓመት ይዟል፤ ይይዛል። ይይዛል።

ሌላም አለ። ሊብሬው እሱ እጅ ቢሆንም ስሙ አሁንም የኔ ነው። ሦስት ጊዜ «ስሙን እናዛውር» ብሎኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሥራ በዝቶብኛል። አልበዛብኝም። በወረቀት እንኳ የኔ ትሁን ብዬ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ልነግረው ቆርጬ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ መኪናዋን ከቧል። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ አምፖል ይሞክራል፣ አንዱ ጎማ ይነፋል። በኔ ጊዜ ማን መጣልኝ?

እናቴ ጥላው ሥር ተቀምጣለች። «ማርቆስ ልጄ፣ ደከመህ፣ ውሃ ጠጣ» ስትለው ሰማሁ።

ልጄ አለችው። ከአጥሩ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ምርመራው ከገበያው በታች ሜዳው ላይ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ስትወድቅ ላያት ነው የሄድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ። መርማሪው የሚጠራው ግን በሊብሬው ስም ነው። «አቶ ጴጥሮስ!» አለ። ማርቆስ ሳቀና «ና እንጂ፣ አንተ ነህ» ብሎ ጎተተኝ። አጠገቧ ቆምኩ። ደረቴ ተነፋ።

መብራት፣ በራ። ክላክስ፣ ጮኸ። ፍሬን፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ አለች። የኋላው በር ሲከፈት የኔው ስኮርታ እዚያ ተኝቷል! የዶሮ ላባ ሳይቀር ተጣብቆበታል። አስቴር ከጀርባዬ ሰጥታዋለች። ወይ ጉድ!

መርማሪው አጎንብሶ ከሥር አየት አደረገና ተነሣ። «አቶ ጴጥሮስ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ዘንድሮ መኪናዎን ሰው አድርገዋታል» ብሎ ጨበጠኝ። ሜዳው አጨበጨበ። ሁለት ዓመት የተመኘሁት ይሄን ነበር። በስሜ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ። አዎ፣ ፈገግ አልኩ።

ቦሎውን ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ እናቴን አየኋት። አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ጓዟን ይዛ ፊት ወንበር ላይ እየወጣች ነው።

«ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። «የመሪው ዘንግ ብየዳ ነው! ያስበየድኩት እኔ ነኝ፣ በግራሶ የሸፈንኩትም እኔ ነኝ። ማርቆስ አያውቅም። እናቴን አውርዷት!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። መርማሪው ኮቱን አውልቆ በጀርባው ከሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ «የምን ብየዳ?» አለኝ። «ዘንጉ አዲስ ነው።»

ማርቆስን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ጥፋተኛው እሱ ይመስል ጆሮው ቀልቷል።

«ሐምሌ ላይ ቀየርኩት» አለ በቀስታ።

ሐምሌ! አራት ወር ሙሉ ያውቃል ማለት ነው። አራት ወር እያወቀ ደጄ ላይ ሰላምታ ነፍቷል፣ እናቴን አምጥቷል፣ ጎማ ስከለክለው ስቆ ሄዷል። ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። እኔ ግን ለሶዶ ገበያ በሙሉ ራሴ አወጅኩት። ሰው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ሐሙስ ለመንገድ ልብ የነበረው ሰው አልነበረም፤ እናቴን ዛሬ ወሰድናት። ማርቆስ «አንተም ትሄዳለህ» አለኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ በኔ እጅ እንዲህ ሄዳ አታውቅም። እናቴ ዞር ብላ «ለኔ ብለህ እንደጮህክ አውቃለሁ» አለችኝ። «ቢሆንም ከልጅነትህም ታስቸግር ነበር።» ማርቆስ ሳቁን ዋጠ።

ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ከተማው ሲቃረብ ጠየቅኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ማርሽ ቀየረ። «ብነግርህ ከዚያ በኋላ ቤቴ ትመጣ ነበር?» አለኝ።

አልመጣም ነበር። ያውቀኛል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር። ይህን ሳስብ መኪናዋን ከነሰማያዊ ቀለሟ ረሳኋት፤ በዚህ ሰውዬ እንደ ዛሬ ቀንቼ አላውቅም።

ደጄ ላይ አወረደኝ። «ነገ ከጸሎት በኋላ ምሳ እኛ ቤት ነው፣ አስቴርንም ይዘህ ና» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። አስቴር ቀሚሷን መተኮስ ጀምራለች። ልሄድ ነው መሰለኝ።