በመንገድ ላይ የተከፈተው መልእክትሽ

ውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህልስ ይበላልሻል? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ አንጀቴ ግን እያረረ ነው። ይህን ደብዳቤ በአክስቴ እጅ የላክሁልሽ ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው ብዬ ነው።

ጡትሽ ላይ ስለወጣው እብጠት በስልክ የጻፍሽው ለእኔ ብቻ ነበር። አባባ እንኳ እንዳይሰማ ብለሽ አስምለሽኛል፤ እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ባለፈው ሳምንት ግን በስብሰባ እረፍት ላይ ሻይ ስቀዳ፣ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋው ኩባንያ ወኪል፣ ከረባት የምንለው ሰውዬ፣ ጠጋ ብሎ እናትሽ የሐኪሙ ውጤት ደረሰላቸው ወይ አለኝ። ፈገግ እያለ። ማንኪያውን አስቀምጬ ጥዬው ሄድኩ።

እዚያ የተሰበሰብነው ማሽኖች በኢንተርኔት የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ፕሮቶኮል የሚሉትን፣ ለማሻሻል ነው። አንቺ የጻፍሽው እኔ ጋ እስኪደርስ በስንት ሰው ማሽን ያልፋል መሰለሽ፤ በአሮጌው ደንብ ደግሞ ሳይታሸግ ነው የሚያልፈው። እኛ ከላኪው እስከ ተቀባዩ በቁልፍ ይታሸግ፣ መሀል ላይ የቆመ ማንም አያንብበው እንላለን። ከረባት ማሸጉ በኩባንያዎች ፈቃድ ይሁን እያለ ሲያጓትተን ከረመ። ለካ ወዶ አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ ሲያነብ ኖሯል። እኔን ብቻ ያደኑ እንዳይመስልሽ፤ የሁሉንም ሰው መልእክት ይሰበስቡና ሲያሻቸው በስሙ ፈልገው ያወጡታል። የጠየቀኝም አስፈራርቶ አፌን ሊያስይዘኝ ነው።

አልያዝኩም። ከእረፍት ስንመለስ ማይኩን ተቀብዬ፣ ፊት ለፊት እያየሁት፣ እናቴ ለእኔ ብቻ የነገረችኝን ይህ ሰው ያውቃል አልኩ። ሕመምሽን አልጠቀስኩም። እሱ ጨዋታ ነው ብሎ ሊያስተባብል ሞከረ። ሁልጊዜ የሚያንቀላፉት ሽማግሌ ሰብሳቢያችን ቀና ብለው፣ ታዲያ ከየት ሰማኸው አሉት። ማሸጉ ግዴታ ሆኖ በዚያው ቀን ጸደቀ።

ሰዉ እየጨበጠ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው? አዲሱ ደንብ ከእንግዲህ የሚጻፈውን ይሸፍናል እንጂ የወሰዱትን አያስመልስም። ያንቺ ጭንቀት አሁንም እነሱ ዘንድ ተቀምጧል። ይህን ይቅር የምልበት ሆድ የለኝም። እስካሁን ውጤቱን ያልጠየቅኩሽም ረስቼ አይደለም፤ ሌላ ጆሮ እንዳለ እያወቅኩ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

የሚያሽገውን ፕሮግራም ታናሼ ስልክሽ ላይ ትጫንልሽ፤ አክስቴ ታሳያታለች። ከዚያ እሁድ በእሱ እደውላለሁ።

ታላቅ ወንድሜንና ባለቤቱን ሰላም በይልኝ። መንታዎቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ታናሼን ኩርፊያሽን አልረሳሁም በያት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ ሹራቡ ልክ ሆኖልኛል። አባባን ግን ሰላም ከማለትሽ በፊት አጠገብሽ አስቀምጪና ራስሽ ንገሪው። መቼ እንደምትነግሪው መምረጥ የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ፤ ያንን ቀምተውሻል። ከባዕድ አፍ ግን አይስማው።

ልጅሽ
ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ኅዳር 12 ቀን