ሳልቋረጥ የተሸነፍኩበት ጉባኤ

ውድ ቴስ፣

የፖስት ካርዱ ሥዕል በጋ ነው የሚያሳየው፤ እኔ ያለሁበት ቬርሞንት ግን ገና በረዶ ነው። እዚህ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መንደሩ በሙሉ በትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰብስቦ በጀቱን በገዛ እጁ ያጸድቃል። ዛሬ ሃርላን የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ተነስቶ፣ «ቤተ መጻሕፍታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘጋና ገንዘቡ ለመንገዱ ይዋል» አለ። አላስቻለኝም፤ እጄን አወጣሁ።

«የዚህ ነዋሪ ነሽ እንዴ ልጄ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው የምትናገሪው ጉባኤው ከፈቀደ ነው።»

መጀመሪያ እጁን ያነሳልኝ ማን መሰለሽ? ራሱ ሃርላን። «የምትለው እንደማይጥመኝ ፊቷ ይናገራል፤ ቢሆንም ትናገር» ብሎ አዳራሹን አሳቀው።

እኛ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ፣ ምክር ቤቱ ያገዳቸውን መጻሕፍት ከመደርደሪያ አላወርድም ብዬ ከሥራ ስባረር፣ አቤቱታዬን ገና ስጀምር የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ማይክሮፎኑን እንዳስጠፋብኝ ታስታውሻለሽ። እነዚህ ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ከዚያ ድምፅ ሰጥተው አሸነፉኝ። ተናድጃለሁ። ግን ንግግሬን ጨርሼ ነው የተሸነፍኩት።

ለሰኞው የከተማችን ምክር ቤት ስብሰባ እደርሳለሁ፤ ካቋረጡኝ ቃል ላይ ነው የምቀጥለው። ቦታ አለቀብኝ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ከፊት ወንበር ያዢልኝ፤ ማይክሮፎን አያስፈልገኝም።

ሮዊና